የመርከቡ ቅመምና የአዞው ተረት

ልጅ ሳለሁ ከአንዴ በቀር መጨረሻ ያለው ተረት ሰምቼ አላውቅም ብል የሚያምነኝ ሰው አላገኝም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ጋምቤላ ውስጥ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን፣ ለእኛ ለልጆች ተረት የሚነግሩን አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ተረት የሚነግሩን ቅመም ሲቆሉ ብቻ ነው። ምጣዱ ላይ ያለው ፍሬ ከደረሰ ተረቱ የትም ይሁን የት እዚያው ላይ ይቆማል። ብናለቅስም፣ ብንለምንም፣ ሌላ ቃል አይጨምሩም።

አባባ ኡጁሉ ይባላሉ፤ ጎረቤታችን ነበሩ። እማዬ ነርስ ናት። ከደጋ ተመድባ ወደ ጋምቤላ ስትመጣ እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር። የተከራየነውን ቤት ከአባባ ኡጁሉ ግቢ የሚለየው የሸምበቆ አጥር ሲሆን፣ አጥሩ ላይ ደግሞ ለእኔ ልክ የሆነች ቀዳዳ ነበረች። እማዬ ተረኛ በሆነች ቁጥር በዚያች ቀዳዳ ሾልኬ እሳቸው ጋ እውላለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። የአኙዋ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ አጭር አጭር አድርገው ይናገሩታል፤ ሲቸኩሉማ እኔን ሴቷን እንኳ «ና» ይሉኛል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ስለነበር ሰውን የሚለዩት በድምፁና በአረማመዱ ነው።

ወንድ ሆነው ሙቀጫ ፊት ቆመው ዘነዘና ሲያነሱ የማይስቅባቸው ጎረቤት አልነበረም። በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙት ደገኞቹና የአካባቢው ተወላጆች በዚህ ነገር ግን አንድ ነበሩ። አባባ ኡጁሉ ሳቁን ይሰማሉ፤ መልስ ግን አይሰጡም፤ መውቀጣቸውን ይቀጥላሉ። በሳምንቱ ያው ሲስቅ የነበረው ሰው ትንሽ ብርጭቆ ይዞ «አባባ፣ ከዚያች ቅመም ትንሽ» እያለ ይመጣል።

ሙያውን ያገኙት ከመርከብ ነው። ድሮ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ ከሱዳን የእንፋሎት መርከብ እየመጣ ቡና ጭኖ በሚመለስበት ዘመን፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ ሽንኩርት ላጭ ሆነው ተቀጥረው ነበር። ሽንኩርት ላጭ የሚለው የራሳቸው ቃል ነው፤ እኛ ግን ለሌላ ሰፈር ልጆች ካፒቴን ነበሩ ብለን እናወራ ነበር። የመርከቡ ወጥ ሠሪ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበር። ደረቅ ዳቦና ማሽላ ብቻ እየበሉ ለሚሰነብቱት ሠራተኞች ቅመም አዘጋጅቶ ይነሰንስላቸዋል። አባባ ኡጁሉ ሦስት ክረምት ከእሱ ጋር ወንዙን ወርደው ወጥተው ቅመሙን ተማሩ። ከዚያ መርከቡ ቀረ፤ ቅመሙ ግን እሳቸው ጋ ቀረ። ሌላ ስም ስላልነበረው የመርከቡ ቅመም እንለው ነበር።

የሚገባበት ነገር ብዙ አይደለም። ሰሊጥ፣ የዱባ ፍሬ፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ ጥቂት ሚጥሚጣና ጨው፤ በቃ። ችግሩ አራቱ ፍሬዎች አብረው አለመድረሳቸው ነው። አንዱ ሲያርር ሌላው ጥሬ ስለሚሆን እያንዳንዱ ለየብቻው ይቆላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅና ሙቀቱ ሲበርድ አባባ ኡጁሉ ግቢው መሃል የከሰል ምድጃቸውን ያቀጣጥላሉ፤ ለትንኝ ደግሞ አጠገባቸው ደረቅ ኩበት ያጨሳሉ፤ ፋኖሱን ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ የምሰቅለው እኔ ነኝ። እሳቸው ለራሳቸው ፋኖስ አያስፈልጋቸውም። ፍሬው መድረሱን የሚያውቁት በጆሯቸውና በአፍንጫቸው ነው። ሰሊጥ ሲንጣጣ፣ የዱባ ፍሬ እየተነፋ ሲፈነዳ፣ ድንብላል ሽታው ሲለወጥ፣ ማማሰያውን የያዘው እጃቸው ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ምጣዱ ከእሳት ይነሳል።

ተረቱም ከመርከቡ የመጣ ነው። ሱዳናዊው ሲቆላ ያወራ ነበር፤ እሳቸውም ሲቆሉ ያወራሉ። ከሙን ቶሎ ስለሚደርስ ለአንድ እንቆቅልሽ እንኳ አይበቃም። ሰሊጥ ስለ ጉማሬውና ስለ ነጯ ወፍ ጥል ትንሽ ያስኬዳል። ረጅሙ ተረት የዱባ ፍሬ ተረት ነበር፤ ያም የአዞው ተረት ነው። አንዲት ልጅ ወንዝ መሻገር ፈልጋ አዞውን ትለምነዋለች። አዞውም ምን ትከፍይኛለሽ ሲላት፣ ማንም የማያውቀው ምስጢር አለኝ፣ ማዶ ስንደርስ እነግርሃለሁ ትለዋለች። ጀርባው ላይ ተቀምጣ ይሄዳሉ። ወንዙ መሃል ሲደርሱ፣ ውሃው ከሁሉም ቦታ በሚጠልቅበት፣ አዞው ይቆምና፣ አሁን ንገሪኝ፣ ካልነገርሽኝ እሰምጣለሁ ይላታል።

እዚህ ላይ የዱባው ፍሬ ይደርሳል።

«ፍሬው ደረሰ፤ ተረቱም ደረሰ» ይላሉ አባባ ኡጁሉ፤ ምጣዱን ያነሳሉ። በሌላ ቀን ሲቆሉ ደግሞ ተረቱን ካቆሙበት አይቀጥሉትም፤ ፍሬው ከጥሬ እንደሚጀምር ተረቱም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስንት ጊዜ ያችን ልጅ ወንዝ መሃል ትቻት ወደ ቤቴ እንደሄድኩ አልቆጠርኩትም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ምን ብላ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። እማዬን ስጠይቃት፣ አንቺ ብትሆኚ ኖሮ በወሬ ታሰለቺው ነበር ብላኝ ትስቃለች።

ያኔ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየችም ነበር። በየቀኑ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ትናንት መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ታፔላ ተሰቅሎበት ጸሐፊ ትቀመጥበታለች። ለአዲሶቹ ትምህርት ቤቶች የአካባቢው ልጆች ሠልጥነው ይምጡ ተብሎ ከተመረጡት መካከል የአባባ ኡጁሉ የልጅ ልጅ አሪየት ነበረች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ለእኔም እንደ ታላቅ እህት ነበረች፤ ጸጉሬን ትሠራኛለች፣ ወንዝ ይዛኝ ትወርዳለች፣ ስዋሽ ወዲያው ታውቅብኛለች። ለመምህርነት ሥልጠና ወደ ደጋ ሄዳ በሁለተኛው ወር ተመለሰች። ስትመለስ ልብሷ ሰፍቷት ነበር። በበቆሎ ገንፎና በዓሣ ያደገ ሆድ የማደሪያውን እንጀራና ሽሮ አልቀበል አለ። ብርዱም፣ ናፍቆቱም ተጨመረበትና መብላት አቃታት።

ቤቷ ከገባች በኋላ ግን የመርከቡን ቅመም እየነሰነሰች ሁሉንም መብላት ጀመረች፤ እማዬ የሰጠቻትን እንጀራ ሳይቀር። የትምህርት ቢሮው በሚቀጥለው መስከረም እንደገና እንድትሄድ ፈቀደላት። ይህንንም ካቋረጠች ቦታዋ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ግን በደንብ ተነገራት። አሪየትም ለአያቷ፣ ቅመሙን ይዤ ከሄድኩ እቆያለሁ አለቻቸው። አባባ ኡጁሉ እስከ ገና የሚያደርስ ቅመም ሊሠሩላት ተዘጋጁ።

የእኔ ሥራ የዱባውን ፍሬ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሰፌዱን ከጥላ ወደ ፀሐይ እያዞርኩ፣ ዶሮ እየጠበቅኩ አደረቅኩት። የዱባ ፍሬ ቅርፊት ስላለው ከላይ ሲነካ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አስር ጊዜ ነግረውኛል። እንግዲህ ይህን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዶሮ እየጠበቅኩ ሳለሁ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እርጥብ ፍሬ ቶሎ አይደርስም፤ ፍሬው ካልደረሰ ደግሞ ተረቱ አይቆምም። የደረቀውን ፍሬ በሳፋ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ጥቂት ቆይቼ አወጣሁትና በነጠላዬ አንድ በአንድ ጠረግኩት። ሲነካ ደረቅ ነበር። በራሴ ብልጠት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንን አልዋሽም።

አመሻሹ ላይ አባባ ኡጁሉ ፍሬውን በእጃቸው ዘገኑ። ለአንዳፍታ ያዝ አድርገውት ቆዩ።

«ትርሲት፣ ደርቋል?» አሉኝ።

«ደርቋል፣ አባባ» አልኩ።

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ምጣዱ ላይ አፈሰሱትና ጀመሩ። ልጅቷ አዞውን ለመነችው፤ ጀርባው ላይ ወጣች፤ ወንዝ መሃል ደረሱ፤ አዞው ቆመ። የዱባው ፍሬ ግን ዝም አለ። አባባ ኡጁሉ ጆሯቸውን ወደ ምጣዱ አዘነበሉ። «ዝናብ ነው» አሉ ለራሳቸው፤ «አየሩ እርጥብ ነው»፤ ከሰል ጨመሩ። ከዚያ ትንሽ አመነቱና ቀጠሉ። ልጅቷ ወደ አዞው ጆሮ ጎንበስ አለች። ምስጢሬ ዋና መቻሌ ነው አለችው። አዞውም በጣም ተገርሞ፣ ዋና ከቻልሽ ለምን ለመንሽኝ ሲላት፣ ብቻዬን መሻገር ስለማልወድ ነው አለችው። አዞውም ማዶ አደረሳት።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ዛሬም ይሰማኛል። ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ መጨረሻውን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጥቂት ቆይቶ ፍሬው ከላይ ከላይ መፈንዳት ጀመረና ምጣዱ ተነሳ። ፈለፈልነው፣ በሰፌድ አነፈስነው፤ እሳቸው ከሌላው ጋር ወቀጡት፤ በወንፊት ነፋሁት። በማግሥቱ በዱቄት ወተት ጣሳ ሞልተው ክዳኑን ዙሪያውን በሻማ ሰም አሸጉት፤ መርከቡ ላይ እንደዚያ ነበር የሚደረገው። አሪየት ጣሳውን ከልብሷ መካከል ሸጉጣ በአውቶቡስ ሄደች።

ደብዳቤዋ የመጣው በኅዳር ነው። አባባ ኡጁሉ ማንበብ ስለማይችሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ። እማዬ ሥራ ላይ ነበረች። የኩበቱ ጭስ አጠገብ ተቀምጠን በክፍል ውስጥ በምናነብበት ድምፅ ጮክ ብዬ ጀመርኩ፤ ሰላምታው፣ ብርዱ፣ የመምህራኑ ጠባይ። ከዚያ እንዲህ የሚል ቦታ ደረስኩ፤ ጣሳውን ስከፍተው ነጭ ሻጋታ አብቅሎ ነበር። ፀሐይ ላይ አስጥቼ ልበላው ሞከርኩ፤ ሆዴን አመመኝና ጣልኩት። አሁን ዳቦና ሻይ ብቻ ነው። አባባ፣ እስከ ገና እሞክራለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን የምችል አይመስለኝም።

እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። አባባ ኡጁሉ «አንብቢ» አሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

 ከዚያ እጆቻቸውን ወደ ፊታቸው አቅርበው፣ ሊያዩዋቸው እንደሚፈልጉ ሁሉ፣ አገላበጧቸው። «ዓይኔ ሄደ። አሁን እጄም ሄደ» አሉ። «ልጄን አሳመምኳት።» በማግሥቱ ሙቀጫውን ራሳቸው እያንከባለሉ ወደ ግቢያችን አመጡትና እማዬን፣ በርበሬ ውቀጪበት፣ እኔ ከእንግዲህ አልነካውም አሏት። እማዬ ብዙ ለመነቻቸው፤ አልሰሟትም። እኔ ጠዋት ስወጣ ሙቀጫውን አየዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ አየዋለሁ። የምበላው አልጣመኝም። ልናገር ብዬ እስከ አጥሩ ቀዳዳ እሄድና እመለሳለሁ።

አራት ቀን እንደዚህ ሆኜ ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን አባባ ኡጁሉ በአጥሩ በኩል «ትርሲት፣ ና፣ ጻፍልኝ» ብለው ጠሩኝ። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ፋኖሱ በርቷል፤ ምድጃው ግን ባዶ ነበር። «አሪየት በያት» አሉ። «ነይ በያት። አያትሽ ሌላ መላክ አይችልም በያት። ረሃብ ከሚገልሽ ወረቀቱ ይቅር በያት።» «ውድ አሪየት» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ «ነይ» የሚለውን ለመጻፍ እስክሪብቶዬን አሳረፍኩ፤ ግን መልሼ አነሳሁት። ከዚህ ቃል በኋላ አሪየት ትመጣለች፤ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፤ መምህር ሳትሆን ትቀራለች። ይህን ሁሉ በዘጠኝ ዓመቴ በደንብ አውቀው ነበር።

«አባባ፣ ፍሬው እርጥብ ነበር» አልኩ። «እኔ ነኝ ውሃ ውስጥ የነከርኩት።»

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ለምን?»

«መጨረሻውን ልስማ ብዬ።»

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። አልመቱኝም፣ አልጮሁም። በዚያ በዝግታ በሚናገሩት አማርኛቸው፣ «አንቺ ተረት ጠገብሽ፤ አሪየት ራባት» አሉኝ። ከዚያ ወደ ቤቴ እንድሄድ በእጃቸው አመለከቱኝ። በዚያች ቀዳዳ ስሾልክ እንባዬ መንገዱን ከልሎብኝ ሸምበቆው ፊቴን ጫረኝ። እማዬ ምን ሆንሽ ስትለኝ ወደቅሁ አልኳት።

ጎህ ሲቀድ ድምፃቸውን ሰማሁ። «ትርሲት፣ ሙቀጫዬን አምጪ።» ከእኔ የሚከብድ ይመስል የነበረውን ሙቀጫ በአጥሩ ዙሪያ እያንከባለልኩ ወሰድኩት፤ ቆመው ጠበቁኝ እንጂ አላገዙኝም። አዲስ የዱባ ፍሬ ታጠበ። በዚያን ጊዜ ዝናቡ አቁሞ ስለነበር ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋለ። በየማታው አንድ አንድ ፍሬ ጥርሴ መካከል አድርጌ እንድሰብር ያዙኛል፤ ድምፁን ይሰማሉ፤ «ገና» ይላሉ። በሦስተኛው ማታ ስሰብረው ቀጭ አለ። «አሁን» አሉ።

ማማሰያውን ለእኔ ሰጡኝ። እሳቸው አጠገቤ ዝቅ ብለው ተቀመጡ፤ ተረት ግን አልጀመሩም። እኔም መጠየቅ አልደፈርኩም። ያን ቀን ነው ፍሬው ራሱ ምን እንደሚል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። በመጀመሪያ ምጣዱ ላይ ሲንሸራተት የአሸዋ ድምፅ አለው፤ ከዚያ ይቀላል፤ ከዚያ አንዱ ይፈነዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላው። ፍሙ ፊቴን እየለበለበኝ አማስላለሁ፤ ዓይኔን ከምጣዱ አልነቀልኩም።

«ያ መጨረሻ» አሉኝ በድንገት። «እኔ አላውቀውም።»

ማማሰሌን ላቆም ስል «አታቁሚ» አሉኝ። ከዚያ ቀጠሉ። «ሱዳናዊው አልነገረኝም። ሦስት ክረምት ጠበቅኩ። ሁልጊዜ ፍሬው ይቀድማል። ያን ቀን ፍሬው አልደርስ አለ፤ ምን ልበል? ከራሴ አወጣሁ።»

«ልጅቷ ብቻዬን መሻገር አልወድም ያለችውንም?» አልኩ።

«አሪየት ልትሄድ ነበር» አሉ። «እሷን እያሰብኩ ነው።»

የዱባው ፍሬ መፈንዳት ሲበረታ እጃቸው ክንዴን ነካ አደረገኝ፤ ምጣዱን አነሳሁ። ጣሳውን በሰም አሸግነው። እንዲህ ጻፊ ብለው ያዘዙኝ፣ ይሄኛው ደርቋል፣ ብይ፣ ብቻ ነበር። ወደ ደጋ የሚወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ተለምኖ ጣሳውን አደረሰላት። ከገና በኋላ ሦስት መስመር ደብዳቤ መጣ፤ ሁለቱ ስለ ፈተና፣ አንዱ ጣሳው ወደ ግማሽ ስለመድረሱ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ እየሠራን እንልክላት ነበር።

አሪየት ሥልጠናዋን ጨርሳ በተመለሰች ቀን ግቢው በሰው ተሞላ። ዓሣ ተቀቅሎ፣ ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቅመሙ በሰሃን መሃል ላይ ተቀምጦ ነበር። እየበላች ሳለች ስቃ፣ «አባባ፣ ለመሆኑ ያ የመጀመሪያው ለምን ሻገተ?» አለች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። አፌን ልክፈት ወይስ ልተው እያልኩ ሳለሁ፣ አባባ ኡጁሉ ፊታቸውን ወደ እሷ እንዳደረጉ «ዓይኔ ነው» አሉ። «አላየሁም።» ሰው ሁሉ፣ ምን ያድርጉ፣ እርጅና ነው አለ። አሪየት ተነስታ ግንባራቸውን ሳመች። እኔ ዝም አልኩ።

እማዬ ተዛውራ ከጋምቤላ ስንወጣ እንኳ ዝም እንዳልኩ ነበር፤ አባባ ኡጁሉ ማረፋቸውን ስንሰማ አለቀስኩ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም። ያኔ ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን ላጽናና እችላለሁ፤ ግን ልጅነቴ ካለፈ በኋላም ስንት ዓመት ዝም ብያለሁ። ብዙ ሰው ከልጅነቱ ተረቶች ምክር እንደቀረለት ይናገራል። ለእኔ የቀረልኝ አንድ ሽማግሌ የእኔን ውሸት በሰው ሁሉ ፊት አንስተው የራሳቸው ዓይን ላይ ማድረጋቸው ነው፤ እኔም ዓይኔ እያየ አሸከምኳቸው።

አሪየት፣ ዛሬ የትምህርት ቤት ኃላፊ እንደሆንሽ ሰምቻለሁ፤ ይህንንም ከእኔ በተሻለ አማርኛ እንደምታነቢው አልጠራጠርም። የአያትሽ ዓይን ምንም አላጠፋም። ከመቁላታቸው በፊት ደርቋል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ደርቋል ያልኳቸው እኔ ነኝ።